የጋሽ ክሎሪን ትንሿ ገንዳ

አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው ካለ እኔ አላጋጠመኝም። ዕድሜውን የፈጀው የመዋኛ ገንዳ በመጠበቅ ስለሆነ ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ክሎሪን» ነው የሚለው። ልብሱ ክሎሪን፣ ፎጣው ክሎሪን፤ ትንሽ ልጅ ሆኜ ሲያቅፈኝ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ «እኔ እኮ ያገባሁት በረኪና ነው» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን በሥራው ቀልድ አያውቅም። ማለዳ ዋናተኛ ሳይመጣ ገንዳው ዳር ይንበረከክና በብልቃጥ ውሃ ቀድቶ፣ ጠብታ ጨምሮ፣ ቀለሙን ብርሃን ላይ አንስቶ ያየዋል። ወለሉ ላይ የወደቀች የፀጉር ማስያዣ ከላይ ሆኖ ካልታየችው በሩን አይከፍትም፤ አለቃም ቢመጣ አይከፍትም። «ውሃ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ከተገኘ ጠባቂው ተኝቷል ማለት ነው» ይል ነበር።

ኋላ ገንዳው ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ሆነ፤ እሱም ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ለብቻው በሚኖርበት ቤት፣ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አዳለጠው። ዕድሜ ልኩን እርጥብ ወለል ላይ ሲራመድ ያልወደቀ ሰው በገዛ ቤቱ ወደቀ። ጎረቤቲቱ በሩን ብታንኳኳ ብታንኳኳ የሚከፍት ስታጣ፣ ሰው ጠርታ በሩን አስከፍታ ነው ያገኘችው፤ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አድሯል። አጥንቱ ተረፈ። ሐኪሙ ግን እኔን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ብቻቸውን ሆነው ዳግመኛ ከወደቁ እንዲህ በቀላሉ አይተርፉም» አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ማንዛዛት አልወድም። በዚያው ቀን ልብሱን ሻንጣ ውስጥ፣ እሱን ታክሲ ውስጥ ከትቼ፣ ቤቱን ቆልፌ ወደ እኔ አመጣሁት። አለቀ አልኩ። አላለቀም። አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ተቀመጠ። ብላ ሲሉት ይበላል፤ ከበላ በኋላ እንደ እንግዳ ያመሰግናል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። «ላስቸግራችሁ አይገባም፤ እሑድ ቤቴ እሄዳለሁ» ይላል። እሑድ ሲደርስ እኔ ሰበብ እፈጥራለሁ፤ ዝናብ ነው፣ መኪና ጠፋ፣ ራሴን አሞኛል። ሰበቡም እያለቀብኝ ነበር። ሽማግሌ አባት በግድ አይታሰርም፤ ከሄደ ደግሞ ያ እርጥብ ወለል እዚያው ይጠብቀዋል። ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዬን ተክዬ እዚያው እሠራለሁ። ባሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሰው ሲነሣ እሱ ይተኛል። አንዲት ደንበኛዬ ቤት ስትቀይር «ቦታ አጣሁለት» ብላ ባዶ የመስታወት የዓሣ ሳጥን፣ ከነጠጠሩ፣ ከነማጣሪያውና ከነማሞቂያው፣ ጥላብኝ ሄደች። ለሰው ልሰጠው ስል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ዓሣ ያለ ውሃ አይኖርም እንላለን፤ ገንዳ ጠባቂስ ይኖራል?

«አባዬ፣ ይቺን እስቲ እያት» አልኩት፣ ምንም ያላሰብኩ መስዬ።

«ምንድን ናት?»

«ገንዳ ናት።»

«ሂጂ ወዲያ!» አለ። ግን ተነሣ። ጥጉን በጣቱ ዳሰሰው፣ ማጣበቂያውን በጥፍሩ ፈተሸው። ከዚያ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኮቱን አወለቀ። ልቤ ዘለለች፤ አፌን ግን ያዝኩ።

ሳጥኑን ጓሮ አውጥቶ ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፈ፣ በውሃ ሞላው፣ ወረቀቱ ረጥቦ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ አየ። አልረጠበም። የስፌት ጠረጴዛዬን ሳቀርብለት ሳቀብኝ። «ይሄ ሲሞላ አንድ ሙሉ ሰው ያህል ይከብዳል። ባልሽን ጠረጴዛሽ ላይ ታስተኚዋለሽ?» አለኝ። መስኮቱ አጠገብ ይሁን ስለው ደግሞ፣ ፀሐይ የሚመታው ውሃ ወዲያው አረንጓዴ እንደሚለብስ ነገረኝ። በመጨረሻ ከግድግዳው ጋር የተሠራውን የሲሚንቶ መደርደሪያ መረጠ፤ የግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ አምጥቶ ቀጥ ማለቱን አረጋገጠ። ጠጠሩን በባልዲ እያጠበ፣ እየደፋ፣ ደግሞ እያጠበ፣ ድምፁ ባሌን ከእንቅልፉ አባነነው። ዳቦ ጋጋሪው በውስጥ ሱሪው ብቅ ብሎ «ቤቱ እየፈረሰ ነው?» አለ። «ጠጠር እየታጠበ ነው፣ ተመልሰህ ተኛ» አልኩት።

ሲጨርስ ውሃው ያለ አይመስልም ነበር፤ ጠጠሩ አየር ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ዓሣ ልንገዛ ሄድን።

ሱቁ በቁልፍ ቀራጭና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ውስጡ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ሳጥኖች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጉተመትማሉ። ባለቤቷ እጅጌዋን የጠቀለለች ወፍራም ሴት ናት፤ ክንዷ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለገዢ የምትሰጠው የመጀመሪያ መልስ «አይሆንም» ስለሆነ ሰው ሁሉ «እትዬ አይሆንም» ይላታል። አባቴ ይሄን አያውቅም ነበር።

«ዓሣ ፈልገን ነበር» አላት።

«ሳጥኑ ውሃ የገባበት መቼ ነው?»

«ትናንት። ከጀርባው ጋዜጣ ብታስቀምጪ ታነቢዋለሽ።»

«አይሆንም።»

አባቴ ደነገጠ። እሱ በኖረበት ዓለም ስለ ውሃ «አይሆንም» የሚለው እሱ ራሱ ነበር። «እንዴት አይሆንም? እንደኔ ውሃ የሚያውቅ ታውቂያለሽ?»

«ለዚያ ነው እኮ የማይሆነው፣ አባባ። በጣም ንጹሕ ነው» አለችው። «ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ ነው፣ መርዝ። ያንን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ቀድመው ቤት ካልሠሩ፣ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ተመርዞ ይሞታል። መጀመሪያ የማይታዩትን ያርቡ፤ የሚታዩትን እኔ እሰጥዎታለሁ።»

«ባክቴሪያ ነው የምትይኝ?»

«እሱን ነው።»

«እኔ? በገዛ እጄ?»

አይጥ አርባ የተባለ ድመት ይመስል ነበር፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ልጇን የምትድር እንጂ ዓሣ የምትሸጥ አትመስልም፤ የሳጥኑን ስፋት፣ ቤታችን ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ እኛ ስንወጣ ማን እንደሚመግባቸው፣ አንድ በአንድ ጠየቀችን። «ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል?» አለች። ይጋገራል አልናት። «እንግዲያው ውሃችሁ ጠንካራ ነው፤ ጉፒ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ትስማማችኋለች። ዓሣ ለውሃው ይመረጣል እንጂ ውሃ ለዓሣው አይቀየርም።» ጥቂት ብቻ፣ እነሱንም ሁሉንም ወንድ አድርጋ እንደምትሰጠን ነገረችን፤ ሴት ከገባች ቤቱ ሞልቶ ይተርፋል። እኔ አንድ ወርቃማ ዓሣ አምሮኝ ስጠቁም፣ «አይሆንም፤ ሲያድግ መዞሪያ ያጣል» አለች። «ደግሞ ቃል ግቡልኝ። ከሰለቿችሁ ለእኔ መልሱ እንጂ ወንዝ ውስጥ እንዳትጥሉብኝ። ወንዙ የራሱ ነዋሪ አለው፤ ምን በሽታ ይዘው እንደሚገቡበት አይታወቅም።»

ቃል ገባን። ውሃ ውስጥ የሚተከል ቅጠል፣ የክሎሪን ማርከሻ ፈሳሽና የመመርመሪያ ጠብታ ይዘን፣ ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን። አባቴ ነገሩን በሆዱ ይይዛል ብዬ ስፈራ፣ እሱ መንገዱን ሙሉ የጠብታውን መመሪያ ሲያነብ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ሳጥን መመገብ ያዝን። አባቴ በየጠዋቱ የዓሣ ምግብ ቆንጥሮ ዓሣ የሌለበት ውሃ ላይ ይበትናል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ የማይታዩትም ያንን እየበሉ ይባዛሉ ተብሏል። ባሌ ከሥራ ሲገባ ቆሞ ያያል። «ለሌለ ዓሣ ምግብ ይቀርባል፤ ላለሁት ለእኔ 'ድስቱ ውስጥ አለ፣ ራስህ አውጣ' ነው» ይላል።

አባቴ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አንስቶ ቀለሙን ሲያይ ግን የድሮው ሰው ቤታችን ውስጥ ቆሞ አየሁት። አገጩ ቀና ይላል፣ ዓይኑ ይጠብባል። ቢጫ ከሆነ መርዝ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። አረንጓዴው በየቀኑ ይበረታ ጀመር። ውሃውም ወተት ጠብ ያለበት መስሎ ደፈረሰ። ይሄን አልቻለም። ደንበኛ ልትለካ ስትመጣ ሮጦ ሳጥኑን በአንሶላ ይሸፍነዋል። «ምን ይሉኛል? ጋሽ ክሎሪን ድፍርስ ውሃ ታቅፎ ተቀምጧል ይበሉኝ?»

አንድ ቀን ከሰዓት ባሌ አንሶላውን ገለጠና አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። «አባባ፣ ይሄ እርሾ ነው» አለው።

«የምን እርሾ?»

«ሊጥ ሲቦካ ሠራተኛውን ማን ያየዋል? ማንም አያየውም። ግን ሊጡ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ያብጣል። እኔ ቤቴን የማስተዳድረው በማላየው ሠራተኛ ላብ ነው። እርሾን አይቆጡትም፣ አያጣድፉትም። የሚበላውን ሰጥተውት ዞር ይሉለታል።»

አባቴም ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ከዚያ ወዲያ አንሶላውን አልመለሰውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ውሃው ማንም ሳይነካው በራሱ ጠራ። ቅጠሉ ሥር ሰደደ፤ መብራት ሲበራለት የመርፌ ጫፍ የምታህል የአየር አረፋ እያከታተለ ወደ ላይ ይልካል። አንድ ጠዋት አባቴ «አንቺ ልጅ! አንቺ ልጅ!» እያለ ጠራኝ፤ ወደቀ ብዬ መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። ቆሞ መስታወቱን በጣቱ ይጠቁማል። ከሰሊጥ የማትበልጥ ቀንድ አውጣ፣ ቤቷን አዝላ፣ መስታወቱን እየላሰች ትወጣለች።

«ማን አመጣት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ቅጠሉ ላይ እንቁላል ሆና መጥታ ይሆናላ።»

«ማንም ሳያያት?»

ሊያወጣት እጁን ወደ ውሃው ሰደደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ መለሰው። ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ሲያያት ዋለ። እኔም የሰው ቀሚስ ጉልበቴ ላይ እንዳለ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንም ያልነበረበት ቦታ አንድ ነፍስ መጥቶ የራሱን ኑሮ ሲኖር ማየት እንዴት ያስደንቃል! ሰው ድንቅ ለማየት አገር ያቋርጣል፤ እኔ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ሆነ። ከአሞኒያው ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ መርዝ ነበር፤ እሱም መጥቶ ሄደ። አባቴ ብልቃጦቹን መስኮት ላይ ደርድሮ እኔንም ባሌንም ጠርቶ አሳየን። እትዬ አይሆንም በስልክ ሰምታ «ነገ ኑ» አለች። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ።

በማግስቱ ከሁላችንም ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ስነሣ ሳጥኑ ያብረቀርቃል፤ ለደስታው ነው ብዬ አልፌው ሄድኩ። ሱቁ ስንደርስ ሴትዮዋ ዓሦቹን ውሃ ባለበት ላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ አፉን ልትቋጥር ስትል ቀና አለች።

«ዛሬ ውሃውን ነክተውታል እንዴ፣ አባባ?»

አባቴ ደረቱን ነፋ። «እንግዳ ይመጣል እኮ! ስፖንጁ ጭቃ መስሎ ነበር፤ ቧንቧ ሥር እስኪነጣ ድረስ አጠብኩት። ጠጠሩንም አመስኩት። ውሃው ላይ ደግሞ...» አለና ድምፁ ጠፋ።

«ውሃው ላይ ደግሞ?»

«ትንሽ ክሎሪን።»

ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትናገር ዓሦቹን ወደ ነበሩበት መለሰቻቸው። «አይሆንም» እንኳ አላለችም፤ ብትል ይሻል ነበር።

አባቴ ቀኝ እጁን አንስቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። «ነግረሽኛል እኮ» አለ። «ገብቶኝም ነበር። ግን እንግዳ ሲመጣ ገንዳ ይጸዳል። ይሄን ሁሉ ዘመን የለመደ እጅ ነው፤ እኔን ሳይጠይቀኝ ሠራው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በቃኝ፣ ልጄ። የማይታዩትን ገደልኳቸው፣ ያቺ ቀንድ አውጣም አትተርፍም፣ ዓሦቹንም ልገድላቸው ነበር። እሑድ ቤቴ አድርሺኝ። ሰበብም እንዳትፈጥሪ፤ ሰበብሽን አውቀዋለሁ።»

 ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበት ነገር በአንድ ጠዋት ፈረሰ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲደብቅ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ይዤው ልወጣ ክንዱን ስይዝ እትዬ አይሆንም ጠራችን።

«አባባ፣ ወደዚህ ይምጡ።»

ከትልቁ ሳጥኗ ማጣሪያ ውስጥ ጥቁር ቡናማ የሆነ ስፖንጅ አወጣች። ከእሱ አንድ ጠብታ ስስ መስታወት ላይ ጨመቀች። ዓሣ ሲታመምባት የምትመረምርበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበራት፤ መስታወቱን እሱ ሥር አስገብታ አስተካከለችለት። «ይዩ» አለችው።

አባቴ ጎንበስ አለ። ቆየ። ደግሞ ቆየ።

«ገበያ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ገበያ ነው እኮ!»

ትዕግሥት የለኝም፤ ገፋ አድርጌው አየሁ። ባላየው ኖሮ ስንት ነገር ይቀርብኝ ነበር! በቀጭን ግንድ ላይ የቆሙ ደወል የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ አንድ ነገር ሲነካቸው እጥፍ ብለው ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ። አንዱ አፉ ዙሪያ ያለው ጸጉር እንደ ጎማ ይሽከረከራል፣ ያገኘውን ሁሉ እየሳበ ይውጣል። ሰውነቱ ጥርት ያለ ስለሆነ የበላው አረንጓዴ ነገር ሆዱ ውስጥ ይታያል። ሌላው ከክር የቀጠነ ትል መሰል ነገር ቀጠሮ የረፈደበት ይመስል ሁሉንም እየገፋ ያልፋል። ይሄ ሁሉ ሩጫ፣ ይሄ ሁሉ ግፊያ፣ በአንድ የጭቃ ጠብታ ውስጥ ነው። እኔ እጄን ታጥቤ የምደፋው ነገር ውስጥ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፣ እንባዬም መጣ፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

«መርዙን የሚበሉት እነዚህ ናቸው?» አለ አባቴ።

«እነሱ ከነዚህም ያንሳሉ። በዚህ መስታወት ነጥብ ቢመስሉ ነው። ይቺ ስፖንጅ ላይ ያሉት በምድር ካለው ሰው ሳይበልጡ አይቀሩም።»

«እኔ እንግዲህ እስከ ዛሬ ስንቱን...»

«እንዲህ አይበሉ» ብላ አቋረጠችው። «እዚያ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው የሰው ልጅ ነበር። የእርስዎ ሥራ የሰው ልጅ እንዳይታመም ነበር፤ ጠብቀውታል። ይሄ ሌላ ውሃ ነው፤ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ መቀስ አንስታ ስፖንጁን ለሁለት ቆረጠችው። ግማሹን ከራሱ ውሃ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተችና ዘረጋችለት።

«እርሾ!» አልኩ እኔ ሳላስበው።

«ልክ ብለሻል፣ እህቴ። ያንን ውሃ ድፉት፤ አዲሱን በማርከሻው አዘጋጁና ይሄ ይግባበት። እስክትደርሱ እንዳይደርቅ፣ እንዳይቀዘቅዝ።»

አባቴ እጁን አልዘረጋም። «ለእኔ ነው የምትሰጪኝ? የሠራሁትን ሰምተሽ?»

«ለማን ልስጠው ታዲያ? ከእንግዲህ እንደ እርስዎ የሚጠነቀቅለት የለም።»

አውቶቡስ ላይ ከረጢቱን ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘው። አጠገቡ የቆመ ሰውዬ ሽታው ሲደርሰው አፍንጫውን ይዞ ራቅ አለ። «አይጋፉኝ እባክዎ፤ ነፍስ ይዣለሁ» አለው አባቴ። ሰውዬው የበለጠ ራቀ፤ እኔም በመሐረቤ አፌን ያዝኩ።

ቤት ስንደርስ ክሎሪን ያለበትን ውሃ ደፋን፣ ጠጠሩን አለቀለቅን፣ ሳጥኑን እንደገና ሞላን። ማርከሻውን እሱ ለካ፣ እኔ ጨመርኩ። ስፖንጁን ማጣሪያው ውስጥ አስገባ ስለው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «አንቺ አስገቢው፤ እጄን አላምነውም» አለኝ። አስገባሁት። እሑድ ሲመጣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ ልብሱን ለበሰ፣ ሳጥኑ ፊት ቆመ። «ይቺ እርሾ ሳትይዝ ጥዬአት ብሄድ ምን ይባላል?» አለ፣ ለራሱ ይሁን ለእኔ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። እኔ ግን ይሄ ነገር ቀን መግዣ እንጂ መፍትሔ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ እርሾዋ የያዘች ዕለት ምክንያቱ ያልቃል።

እርሾዋ ያዘች። ብልቃጦቹ ደጋግመው ንጹሕ ሆኑ፤ እትዬ አይሆንም ይሄን ጊዜ «ይሁን» አለች። ከአፏ ሲወጣ እሷም የገረማት ትመስላለች።

ዓሦቹ የመጡ ዕለት ዳቦ ጋጋሪው እንኳ አልተኛም፤ ፊቱ ላይ ዱቄት እንዳለ ቆሟል። አባቴ ከረጢቱን እንደተቋጠረ ውሃው ላይ አንሳፈፈው። ሙቀታቸው እኩል እስኪሆን ነው አለ። ቆይቶ አፉን ፈታና ከሳጥኑ በስኒ ቀድቶ ትንሽ ጨመረበት። ጠበቀ። ደግሞ ትንሽ ጨመረ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ውሃ ውሃ ነው! አንዴ አፍስሰውና እንያቸው።»

«አይሆንም» አለኝ፣ የሴትዮዋን ድምፅ ተውሶ። «የራሳቸው ውሃ አላቸው። ጥሩም ሆነ መጥፎ የለመዱት እሱን ነው። የተሻለ ውሃ ውስጥ እንኳ ቢሆን አንዴ ከዘፈቅሻቸው ድንጋጤው ይገድላቸዋል። ከአዲሱ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ።» ስኒውን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ከከረጢቱ ሳያነሣ፣ «እኔን አንዴ ነው የዘፈቅሽኝ» አለ።

ባሌ ወደ መሬት አየ።

«አልተቀየምኩም» አለ አባቴ። «ለነፍሴ ብለሽ ነው። ግን ጠዋት ከሐኪም ቤት ወጣሁ፣ ማታ እዚህ ነኝ። ወንበሬ እዚያ ቀረ። የእናትሽ ፎቶ እዚያ ቀረ። ተመልሼ አንዴ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ ቆለፍሽው።»

  ያዳንኩት መስሎኝ ነበር፤ አድኜዋለሁም። ግን ሰው ስለዳነ ብቻ ይተነፍሳል ማለት እንዳልሆነ አላሰብኩትም ነበር። እንባዬን በመለኪያ ሜትሬ ጫፍ ጠረግኩ። አባቴ አንድ ስኒ ጨመረ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ጨመረ። ማንም አልቸኮለም።

በመጨረሻ ዓሦቹን በትንሽ መረብ አንድ በአንድ አሻገራቸው። የመጀመሪያው እንደገባ ጠጠሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጅራቱን ዘረጋ፤ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ እኔ በሰፋሁት ሐር ሁሉ ላይ ያላየሁት ቀለም። ሌሎቹም ተከተሉት። በቅጠሉ መካከል ገቡ፣ ወጡ፣ መስታወቱን ሳሙት።  ውሃው ባዶ ይመስላል፣ ግን ባዶ አይደለም፤ በየጠጠሩ ሥር በየስፖንጁ ቀዳዳ ያ ሁሉ ሠራተኛ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ እነዚህን ነፍሳት እያኖረ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየውሃው ሲሠራ የኖረው እኛ ሳናውቀው ነው። ሦስታችንም እንደ ልጅ ተንበርክከን ነበር፤ ባሌ «ኧረ በሕግ አምላክ» ብቻ አለ።

በመጪው እሑድ አባቴ ገና አፉን ሳይከፍት የቤቱን ቁልፍ እጁ ላይ አኖርኩለት። «እንሂድ፣ አባዬ። እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ» አልኩት። ሄድን። መስኮቱን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጠረግኩ፣ አቧራ አራገፍኩ፤ ና እንሂድ አላልኩትም። ማታ ሲመለስ የእናቴን ፎቶ ይዞ ነበር። በሌላኛው እሑድ ራዲዮኑን አመጣን፣ ቀጥሎ ወንበሩን ባሌ ተሸክሞ አመጣው፤ ሳጥኑ ፊት አስቀመጠለት። አባቴ በየሳምንቱ ከውሃው ጥቂቱን ብቻ ቀድቶ ይለውጣል፤ ስፖንጁን የሚያለቀልቀውም ከሳጥኑ በወጣው ውሃ ነው። አሁን በገዛ እጁ ነው የሚያደርገው። እኔም እሑድ ሲደርስ ዛሬ እዚያው እቀራለሁ ይለኛል እያልኩ ልቤ ይመታል፤ ግን ሰበብ አልፈጠርኩም።

ያለፈው እሑድ ዝናብ ነበር። እዚያው ቤቱ፣ እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ወለሉን እየጠረግኩ። ድንገት ሰዓቱን አየና ብድግ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቤታችን እንሂድ፤ ዓሦቹ አልበሉም።»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም» አልኩት። መልሴን አልጠበቀም፤ የእጅ መደገፊያውን ይዞ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረደ ነበር።